ጀልባዋ አላሶ ስትደርስ

ሞሚና ዳርሳ የባሕር ቀኗን ለሰው ስትለቅ ነው የኖረችው። ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ወደ ዳናክል ባሕር ወርዶ፣ በጀልባ ተንሸራሽሮ፣ ጨዋማ አየር ስቦ እንዲመለስ የሚያዘው ደንብ ከወጣ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ ተራውን በጉጉት የማይጠብቅ ሽማግሌና አሮጊት አልነበረም። የሞሚና ተራ ሲደርስ ግን አንዱን ዓመት ወገቧን ያማታል፣ ሌላውን ዓመት እንግዳ ይመጣባታል፣ በሚቀጥለው ደግሞ "እኔን ምን ያደርግልኛል፣ እሷ ትሂድበት" ብላ ለአንዷ ጎረቤት ታስተላልፈዋለች። ለምን ብሎ ለሚጠይቃት "ውሃ አልወድም" ነው መልሷ። ውሃ እየተለካ በሚጠጣበት ዘመን ውሃ አልወድም ማለት ቀልድ ስለሚመስል ሰው ስቆ ያልፋታል።

ስንዱ ግን ስቃ የምታልፍ ሴት አልነበረችም። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ዕድሜ ልኳን የሰው ጠጉር ስትሠራ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ እጇ አረፈ እንጂ አፏ አላረፈም ይሏታል። የሞሚና ባል ሰዒድ ከሞተ ወዲህ፣ ብቻዋን እንዳትሆን እየመጣች የምታጫውታት እሷ ናት።

"ዘንድሮ አብረን ነው የወጣልን" አለቻት አንድ ቀን ሳታንኳኳ ገብታ። "አንቺ ብትቀሪ እኔም እቀራለሁ። እኔ ከቀረሁ ደግሞ ሞቼም አልምርሽ።"

"ኧረ ስንድዬ፣ ይኼ ወገቤ..."

"ዓመቱን ሙሉ ደህና ሰንብቶ የባሕር ቀን ሲመጣ ነው የሚያምሽ? ወላሂ እንዲህ ያለ ቀን የሚያውቅ ወገብ አይቼ አላውቅም!" ስንዱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ደግሞ ዋሻዎቹን ለማየት የዘንድሮው የመጨረሻ ነው አሉ። ውሃውን ሁለት ክንድ ሊጨምሩበት ነው። ከዚያ ወዲያ ጀልባ አይገባባቸውም።"

"የትኞቹ ዋሻዎች?"

"ምንድነው የሚሏቸው... አላሶ። የአላሶ ዋሻዎች።"

ሞሚና የምታጣጥፈው ልብስ እጇ ላይ ቀረ። ስንዱ ሌላ ክርክር ስታዘጋጅ ሳለ "እሺ፣ እሄዳለሁ" አለች። 

ሰፈሩ ሞሚናን የሚያውቃት ከሰመራ እንደመጣች ነው። ሰመራ ያገባችበት ከተማ እንጂ የተወለደችበት አልነበረም፤ ግን ሰው እንዲያ ሲል አላረመችም። የተወለደችው አላሶ ገደል ሥር፣ ከዘንባባ ሰሌን በተሠራ ጎጆ ውስጥ ነው። ያኔ ዳናክል ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የጨው ሜዳ ነበር። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ምድሩን ሰንጥቀው ቀይ ባሕርን ወደ ውስጥ ለቀቁበት። ከሚወርደው ውሃ የሚመነጭ መብራት ያስፈልግ ነበር። ውቅያኖሱም በየዓመቱ እየተነሳ የዓለምን ከተሞች ይውጥ ስለነበር፣ ትርፍ ውሃ የሚቀበል ጎድጓዳ መሬት ያለው አገር ይመሰገን ነበር። ነዋሪዎቹ አስቀድመው እንዲነሱ ተደረገ። አንድም ሰው አልሞተም፤ ዜናው ይህን ደጋግሞ ተናገረ።

ሁለቱ ሴቶች መጋረጃው በተዘጋ ቀዝቃዛ አውቶቡስ ወርደው በጡረተኞች ማረፊያ አደሩ። ወደቡ ላይ ኑሮ የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ረፋዱ ላይ የሙቀት ጥሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ውጭ የሚገኝ ሰው የለም። ጎብኚዎቹ በረዶ የተሰፋበት ሰደርያ ለብሰው፣ እጃቸው ላይ አምባር ታስሮላቸው ይሰለፋሉ። አምባሩ በየጥቂቱ "ይጠጡ" ይላል፤ ሲጠጡ "ጎበዝ" ይላል። ባሕሩ ከጨው ብዛት የተነሳ ዓሣ አያኖርም። በዳርቻው የተደረደሩት ምግብ ቤቶች ግን ከዓሣ ሌላ አይሸጡም፤ ዓሣው ከአርባ ምንጭ ኩሬዎች ተጭኖ ይመጣል። ሰው ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላት ይፈልጋል።

ስንዱ ሁሉም ነገር ደስ ብሏታል። ሰደርያዋን "እንደ ሙሽራ አደረገኝ" አለች፤ አምባሩ ጎበዝ ሲላት "አሜን" ትላለች። ሞሚና ውሃዋን ጠጣች። ምንም ጣዕም የለውም። የልጅነቷ ውሃ የፍየል ቆዳና የጭስ ጣዕም ነበረው፤ ሽታው ብቻ የተጠማን ሰው ምራቅ ያመጣ ነበር።

ጀልባዋ መግቢያ ላይ ያለው መሣሪያ አምባራቸውን እያነበበ ስም ይጠራል።

"ስንዱ ወርቅነህ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሞሚና ዳርሳ፣ እንኳን ደህና መጡ።"

መሪው ፊት የተቀመጠው ቀጭን ሽማግሌ ዞር አለ። ጀልባዋ የምትሄደው በራሷ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ሰው መሪው ፊት እንዲቀመጥ ያዛል። ሽማግሌው ሞሚናን ትንሽ ሲያያት ቆየና ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ።

"ያ ሰውዬ ያይሻል" አለች ስንዱ በክርኗ ነካ እያደረገቻት።

"የቱ?"

"ባለ ነጭ ቆቡ። በዚህ ዕድሜያችን የሚያየን ሲገኝ እኮ ዝም አይባልም።"

"ስንዱ፣ እባክሽ።"

"እኔ ምን አልኩ!"

ጀልባዋ ያለ ድምፅ ተነሳች። ከጣሪያው አንድ የወጣት ሴት ድምፅ "ውድ እንግዶቻችን" እያለ በስተግራ ያለውንና በስተቀኝ ያለውን ይነግራቸው ጀመር። ድምፁ ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው። ከሥራቸው ድሮ የግመል ነጋዴዎች ጨው ጭነው ያልፉበት የነበረ መንገድ እንዳለ ነገራቸው፤ ጎብኚዎቹ ሁሉ ተንጠራርተው ወደታች አዩ። ከሰማያዊ ውሃ በቀር የሚታይ የለም።

ሞሚና ግን ሳታይም ታውቀዋለች። በዚያ መንገድ አባቷ ከግመሎቹ ጋር የሚመለስበትን ቀን ልጆቹ ገደሉ ላይ ወጥተው ይጠብቁት ነበር። መጀመሪያ በሜዳው ጫፍ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይታያል፤ ከዚያ ሙቀቱ ሰልፉን ከመሬት አንስቶ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ከዚያ ግመሎቹ እግር ያወጣሉ። አሁን እሷ በዚያ አየር ላይ፣ ከግመሎቹ ጭነት በላይ፣ ሰደርያ ለብሳ ተቀምጣለች። ማልቀስ አልመጣባትም። ለአንድ ሰው "እዚህ ጋ፣ ልክ እዚህ ጋ" ማለት ብቻ አማራት። የምትለው ሰው ግን አጣች። ስንዱ ስለ ማረፊያው ፍራሽ እያወራች ነበር።

"ውድ እንግዶቻችን፣ ከፊታችሁ የአላሶ ዋሻዎች ይታያሉ።"

አላሶ አጥሮ ነበር። እሷ የምታውቀው አላሶ ቀና ብለው ሲያዩት ሻሽ የሚያስጥል ገደል ነው፤ አሁን እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ ቆሟል። ትልቁ ዋሻ ያለው ከወገቡ በላይ ነበር። ቀትር ላይ ሜዳው እንደ እሳት ሲሆን፣ እሷና እናቷ ፍየሎቹን አስቀድመው በአራት እግራቸው እየዳኹ ነበር የሚወጡት። ጉልበቷ ሳይላጥ ደርሳበት የማታውቀውን የዋሻ አፍ ጀልባዋ እንደ ቤቷ ደጃፍ ዝም ብላ ገባችበት።

ውስጡ ጨለም ብሎ ቀዘቀዘ። ከወደ ጓዳው "ህ..." የሚል ረጅም ድምፅ መጣ።

"ይህ ድምፅ የባሕሩ ዋሽንት ይባላል" አለ ድምፁ ከጣሪያው።

እናቷ ዓሻ የተራራው ትንፋሽ ነበር የምትለው። ከዋሻው ጓዳ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። ዓሻ የውሃውን ቆዳ እዚያ አፍ ላይ ትሰቅለውና ሞሚናን ከፊቷ አስቀምጣ ጠጉሯን በቅቤ እያሸች ትጎነጉንላት ነበር። ፍየሎቹ ተደራርበው ይተኛሉ። ፍየል ሲያንቀላፋ የሚያሰማው የማመስኳት ድምፅ፣ የቅቤው ሽታ፣ የእናቷ ጉልበት በጀርባዋ። ሞሚና ዓይኗን ጨፈነች። ምንም ባይሸትም ለጊዜው የሸተታት መሰላት።

"አሁን ወደታች ተመልከቱ! የንግሥቲቱ ዘውድ በመባል የሚታወቀውን፣ ተፈጥሮ በጨው ያስጌጠችውን ድንቅ ሥራ ታያላችሁ። ፎቶ ለማንሳት ሦስት ደቂቃ አላችሁ።"

ከጀልባዋ ሆድ መብራት በራ። ውሃው እንደ መስታወት ጥርት አለ። በሥሩ፣ የዋሻው ደፍ ላይ፣ ክብ ሆነው የተደረደሩ ድንጋዮች ነጭ የጨው እሾህ ለብሰው ያበራሉ። ከአንድ ወገን ያለው ድንጋይ ከሌሎቹ ረዘም ይላል። ሰዎቹ ሁሉ "ውይ!" አሉ።

ያን ረጅም ድንጋይ ከገደሉ አናት ያንከባለለችው ሞሚና ናት። እናቷ በወባ የሞተችው ውሃው በተለቀቀበት ዓመት ዋዜማ ነው። ከታች ያለው ሜዳ ጨው ስለሆነ አይቆፈርም፤ አፈር የነበረው ዋሻው ደፍ ላይ ብቻ ነበርና እዚያ ቀብረዋት ዙሪያዋን ድንጋይ አደረጉላት። ለቀው ሲወጡ አባቷ አንዱን ባለሥልጣን ጠየቀው። ሰውየው ቀና ብሎ ገደሉን አየና "ውሃው እዚያ አይደርስም" አለ። ሞሚና አርባ ዓመት ያን ቃል ይዛ ኖረች። ካላየችው እውነት እንደሆነ ይቆይላት ነበር።

"ሞሚዬ፣ ነይ! አብረን እንነሳ!" ስንዱ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ ፈገግ ብላለች። "ዘውዱ እንዲገባ ትንሽ ጠጋ በይ።"

"አታንሺ።"

"ምነው? ዓይኔን ጨፈንኩ?"

"አታንሺ ስንዱ። እናቴ ናት።"

ስንዱ ስልኳን እንደያዘች ጀልባዋን ዞራ ቃኘች፤ የሞሚና እናት የተሳፈረች መስሏት ነበር። "የታሉ?"

ሞሚና በጣቷ ወደ ውሃው አመለከተች።

ስንዱ አየች። ቀጥላ የጎረቤቷን ፊት አየች። ስልኩን ወደ ጉያዋ ከተተችው፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ ጣለች። ከዚያ ያ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ዋሻውን ሞላው።

"ኧረ እናንተ ሰዎች! መቃብር ነው! የሰው እናት ናት! አቁሙ!"

አንዳንዱ ወዲያው እጁን ሰበሰበ። አንድ ጎልማሳ ግን ሚስቱን ዝቅ ባለ ድምፅ "ይኼም የጉብኝቱ ክፍል ነው?" ሲል ተሰማ። በዚህ መሐል ሦስቱ ደቂቃ አልቆ ጀልባዋ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች።

ሽማግሌው ከወንበሩ ተነስቶ አንድ እጀታ ወደታች ተጫነ። ጀልባዋ ቆመች።

"ጀልባዋ በሰው ትእዛዝ ቆማለች። ምክንያቱ ይመዘገባል" አለ ፈገግታ ያለው ድምፅ።

"ይመዝገብ" አለ ሽማግሌው። ወደ ሞሚና መጣና በአፋርኛ ተናገራት። "የዓሻ ልጅ ነሽ።"

በአፋርኛ የሚያናግራት ሰው ካገኘች ዘመን ሆኗት ነበር። ቋንቋው ከአፏ በፊት እንባዋን አመጣው። "አንተስ ማነህ?"

"ቢላይ ነኝ።"

ቢላይ የአጎቷ ልጅ፣ የእናቷ ወንድም ልጅ ነው። በአገራቸው ልማድ የአክስቱ ልጅ ለእሱ ናትና ገና ስትወለድ የእሱ እንደሆነች ተነግሮ ነበር። ሰዉ ሁሉ በመኪና ሲጫን ቢላይ ከብቱን ይዞ በእግሩ ወደ ደጋው ወጣ፤ በኋላ እመጣለሁ ብሎ። እሱ ሲመጣ የእሷን ሰዎች ወደ ሌላ ሰፈራ ወስደዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ሞሚና ጀልባዋ ወለል ላይ በደረቷ ተኝታ ክንዷን እስከ ብብቷ ውሃው ውስጥ ሰደደች። አልደረሰችም። አምባሩ ውሃ ሲነካው "ጎበዝ" አላት። ሌላ ቀን ቢሆን ስንዱ በሳቅ ትሞት ነበር፤ አሁን ግን እግሯ ሥር ተቀምጣ ቀሚሷን አጥብቃ ይዛለች፣ እንዳትወድቅ። ቢላይ ቆቡን አስተካክሎ እጆቹን ዘረጋ፤ ፋቲሐ ቀራ። ከጎብኚዎቹ የሚያውቁት ተከተሉት፣ የማያውቁትም ቆመው ጠበቁ። ሲጨርስ እጀታውን ለቀቀው፤ ጀልባዋም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ብርሃኑ ወጣች።

ሲመለሱ ሞሚና መሪው አጠገብ ተቀመጠች። የአፋር ሰው ከሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳያስቀር ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። የሁለቱ ዳጉ የአርባ ዓመት ነበር። እሷ ስለ ሰዒድ፣ ስለ ልጆቿ፣ አባቷ በሰፈራው የመጨረሻ ቀኑን ጨው አምጡልኝ እያለ እንዴት እንደሞተ ነገረችው። እሱም የሞቱበትን ሁለት ሚስቶች፣ ወደብ ላይ ያለችውን ሴት ልጁን ነገራት።

"ውሃው ሲደርስባት ነበርኩ" አላት ቀጥሎ። "ገደሉ አናት ላይ ተቀምጬ እየተጠጋ ሲመጣ አየሁት። እናውጣት ብዬ ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ሲመክሩ ሲመክሩ ውሃው ደፉን ሸፈነው። በኋላ ጀልባ ሲጀምሩ መሪው ፊት የሚቀመጥ ሰው ፈለጉ። እኔ ልሁን አልኩ። ይኸው በየማለዳው ሰላም እላታለሁ።"

"ምን ትልሃለች?"

"ፍየሎቹ የታሉ ትለኛለች።"

ሞሚና ሳቀች። ዓሻ ሰው ከመንገድ ሲገባ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ስለ ፍየሎቹ ነበር፤ ስለ ሰው የምትጠይቀው ሲተርፍ ነው። ቢላይም ሳቀ። ያን ሳቅ አርባ ዓመት አብረው ሊስቁት ይችሉ እንደነበር ሁለቱም አሰቡ።

"ዘውድ ነው ሲሏት ለምን አልተናገርክም?"

"ልናገር ብዬ ነበር።" ወደ ጣሪያው በአገጩ አመለከተ። "ከዚያ ሳስበው ይቺ ልጅ ሁሉን የምትናገረው በፈገግታ ነው። አክስቴንም በፈገግታ ልትናገራት ነው። ዘውድ ይበሉ አልኩ፤ ስሟ እኔ ጋ ይቅር።"

"እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አብሮኝ ለኖረው ባሌ እንኳ።"

"አውቃለሁ። ሁላችንም እንደዚያው ነን።"

"ሁለት ክንድ ሲጨምሩ ጀልባው አይገባም" አለች ሞሚና።

"አይገባም።"

"ያኔ እዚያ መኖሯን የምናውቅ አንተና እኔ ነን።"

"አዎ።"

"እኛስ ስንሞት?"

ወደቡ ላይ የሙቀት ጥሩምባው ይነፋ ጀመር፤ ሰዎች ከየዳርቻው ወደ ጥላ ሲሮጡ ከሩቅ ይታያሉ።

አውቶቡሱ በር ላይ ሞሚና ቆመች። "ስንዱ፣ እኔ ቀርቻለሁ። ጉብኝቱ እስኪዘጋ የቢላይ ልጅ ቤት እሆናለሁ።"

"የባሕር ቀን አንድ ቀን ነው! ቀን ካሳለፍሽ ለሙቀቱ ወር የሚሰጥሽን የቀዝቃዛ ክፍል ድርሻ ይቆርጡብሻል እኮ። በሚያዝያ ምን ልትሆኚ ነው?"

"ይቁረጡ። እኔ እዚህ ሜዳ ላይ ያደግኩ ነኝ።"

ስንዱ ሞሚናን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። "ይህን ያህል ዓመት" አለቻት በጆሮዋ፣ "ይህን ያህል ዓመት ስለ ምራቴ፣ ስለ ጥርሴ፣ ስለ ሰው ጠጉር ሳወራሽ፣ አንቺ ይኼን ይዘሽ ትሰሚኝ ነበር?"

"ወሬሽ ደስ ይለኝ ነበር።"

"ዝም በይ! አሁን አልቅሼ እንዳትስቂብኝ።" አለቀሰችም። ከዚያ የሞሚናን የቤት ቁልፍ ተቀብላ ተሳፈረች፤ አውቶቡሱ መጋረጃውን ዘግቶ ሄደ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጀልባዋ ሌሎች ጡረተኞችና ከአዳማ የመጡ ተማሪዎች ይዛ ተነሳች። ሞሚና ሰደርያ አልለበሰችም፤ የቢላይ ልጅ የሰጠቻትን ስስ ጥቁር ሻሽ ጣል አድርጋለች። ድምፁ የግራውንና የቀኙን ሲናገር ዝም ብላ ሰማችው። ዋሻው ውስጥ ገብተው "አሁን ወደታች ተመልከቱ" ሲል ግን ቢላይ እጀታውን ተጭኖ ጀልባዋን አቆመና ድምፁን ዘጋው። መብራቱ ብቻ ቀረ። ድንጋዮቹ ከሥር አበሩ፤ ሰዎቹም ስልካቸውን አንስተው ምን እንደሚባሉ ጠበቁ።

ሞሚና ተነስታ የጀልባዋን ብረት ያዘች። በአፋርኛ ልትጀምር አፏ ላይ መጣባት፤ ዋጥ አድርጋ በአማርኛ ጀመረች።

"አሰላሙ ዓለይኩም። እዚህ ያለችው እናቴ ናት። ዓሻ ትባላለች።"

የተራራው ትንፋሽ ከጓዳው መጥቶ ፊታቸውን ነካቸው። አንዳንዱ ስልኩን አወረደ፣ አንዳንዱ ግራ ገብቶት እንደያዘ ቀረ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ "እማማ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" አለች።

ሞሚና ቢላይን አየችው። ቢላይ እጀታውን በሁለት እጁ ተጭኖ ይዞ ነበር፤ ቀጥዪ በሚል ዓይን ራሱን ነቀነቀላት።

"ቁጡ ነበረች" አለች ሞሚና። "በጣም ቁጡ። ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ።"